ጎኑ ያሉት ጥርሶችስ? «ኢምፕላንት ብቻ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲተላለፍ የነበረ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። የወለቀ ጥርስ በምን ይተካ የሚል ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የወለቀ ጥርስ ባስቸኳይ ካልተተካ የቀሩትም ይበላሻሉ። ነርቩ የታመመ ጥርስ ላይ ገንዘብ ከመጨረስ ነቅሎ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎንና በላዩ የሚቀመጥ ጥርስ) ማስተከል ይሻላል። ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ነው። ብሪጅ (ጎን ካሉት ጥርሶች ጋር ተያይዞ ክፍተቱን የሚሞላ ምትክ ጥርስ) ጊዜው አልፎበታል። ተነቃይ ጥርስ የሽማግሌና የድሃ ነው። ዋጋውም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ኢምፕላንት ይረክሳል። ከውጭ ለእረፍት የመጣ ሰውም በሁለት ሳምንት ጨርሶ ይመለሳል።

እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ከታካሚው አፍ ልክ ወስዶ ይልክልኛል። እኔ ልኩን በጀሶ ሞልቼ ቅርጹን አወጣለሁ፤ ከዚያ ክራውኑን (ጥርሱ ላይ የሚለበሰውን ሽፋን)፣ ብሪጁን ወይም ተነቃዩን እሠራለሁ። ኢምፕላንት ላይ የሚቀመጠውንም ጥርስ የምሠራው እኔው ነኝ። ስለዚህ ሰው ኢምፕላንት ባስተከለ ቁጥር እኔም እንጀራ እበላለሁ፤ የምጠላበት ምክንያት የለኝም። የጽሑፉ ችግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ክፍተቱ ብቻ ማውራቱ ነው። ግራና ቀኝ ስላሉት ጥርሶች፣ ስለ ድዱ፣ ከላይ ሆነ ከታች ስለሚገጥመው ጥርስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ምርጫውን የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ከሁሉ ያሳሰበኝን ላስቀድም። ጸሐፊው ነርቩ የታመመ ጥርስ የሞተ ነው፣ ሩት ካናል ገንዘብ ማባከን ነው ይላሉ። ይህ ምክር ስንት የሚተርፍ ጥርስ እንደሚያስነቅል ሳስበው ይከብደኛል።

በሩት ካናል የሚወጣው ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭና የደም ሥር ነው። ሥሩ ባለበት ይቀራል። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ጅማትም እንዳለ ነው። ይህ ጅማት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምስር ወጥ ስትበሉ አንዲት ጠጠር ብትገባ ገና ጥርሳችሁ ሲነካት የምታውቁት በሱ ነው። ወዲያው ማኘክ ታቆማላችሁ። ኢምፕላንት ይህ ጅማት የለውም፤ በቀጥታ ከአጥንቱ ጋር ነው የሚጣበቀው። ጠጠሯን የሚያውቃት ዘግይቶ ነው። ኢምፕላንት ላይ የተሠራ ጥርስ ጫፉ ተሸርፎ ወደ እኛ ሲመለስ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰው ሳያውቀው አጥብቆ ይነክስበታል።

ሩት ካናል ስሙ የጠፋው በሌላ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሕመሙ ጋብ ሲልለት ሐኪሙን ይረሳል። መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ነርቩ ከወጣ በኋላ ክራውን ካልለበሰ ለመሰንጠቅ ቅርብ ነው። አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጠምበት ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ «ሩት ካናል አሠርቼ ምን ጠቀመኝ» ይባላል። ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቶ ነበር እኮ!

የማይድን ጥርስ የለም እያልኩ አይደለም። ሥሩ ቁልቁል የተሰነጠቀ፣ ጉድጓዱ ከድድ በታች ወርዶ አጥንት ጋ የደረሰ፣ በድድ በሽታ ይዞታውን አጥቶ የሚወዛወዝ ጥርስ አለ። እሱ ይነቀል። ግን «ይህ ጥርስ ሊተርፍ ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በምን ልተካው?» ከሚለው መቅደም አለበት። ጽሑፉ ሁለተኛውን ብቻ ነው የጠየቀው።

ወደ አስቸኳይነቱ ልምጣ። ጸሐፊው አንድ ጥርስ ከወለቀ የቀሩት ተራ በተራ ይወድቃሉ፣ ፊትም ይረግፋል ብለው ያስፈራራሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ጀሶው ላይ በዓይኔ የማየው ነገር ነው። በስድስት ዓመት አካባቢ የሚበቅለውን የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ በልጅነቱ ያስነቀለ ሰው፣ ከኋላ ያለው መንጋጋው ወደ ፊት ጋደል ብሎ ታገኙታላችሁ። ከላይ ያለውም ገጣሚ ስላጣ ወደ ክፍተቱ ወርዷል። በዚህ ጊዜ ለአዲሱ ጥርስ የሚሆን ቦታ ይጠፋል፤ ሥራው ይወሳሰባል። ወጣት ከሆናችሁና የወለቀው መሐል ላይ ያለ መንጋጋ ከሆነ ባትዘገዩ ጥሩ ነው።

ግን አንድ የ55 ዓመት ሰው መጨረሻ ላይ ያለች መንጋጋው ብትነቀልስ? የቀሩት በደንብ ያላምጡለታል፤ ስትነቀል ራሱ ቤተሰቡ አላወቀም። ይህ ሰው ምንም ባያስተክል ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ ውስጥ ካይዘር የሚባሉ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ጉዳይ አጥንተዋል። የኋላ መንጋጋዎቻቸውን ያጡ፣ የፊት ጥርሶቻቸውና ቀጥለው ያሉት ትንንሽ መንጋጋዎች ግን ደህና የሆኑላቸው ብዙ ሰዎች ያለ ምትክ በቂ ማኘክ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ዘመቻም 80 ዓመት ሲሞላን 20 ጥርስ ይኑረን የሚል ነው። ሠላሳ ሁለቱም ይሙሉ አላሉም።

ስለዚህ መተውም ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። ሐሳብ ከገባችሁ ዛሬ ልክ አስወስዳችሁ የጀሶውን ቅርጽ አስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ሌላ ልክ ይወሰድና ይተያይ። ጥርሱ ተንቀሳቅሶ ከሆነ በግልጽ ይታያል። ወጪው ከኢምፕላንት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ስለ ጊዜ መጨነቃቸው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት መሟሸሽ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከአጥንቱ ስፋት ግማሽ ያህሉ ሊቀንስ ይችላል። አብዛኛው የሚሄደው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ወደፊት ኢምፕላንት የማስተከል ሐሳብ ካላችሁ ለሐኪሙ መንገር ያለባችሁ ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው። ከተነቀለ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመጡ «አጥንት መጨመር ያስፈልጋል» የምትባሉት ለዚህ ነው።

ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ነው የሚለውስ? ታሪኩ የሚያምር ነው። ብሮኔማርክ የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጥንቸል አጥንት ውስጥ ስላለ የደም ዝውውር ያጠኑ ነበር። ለምርመራው ያስገቡትን የቲታኒየም ዕቃ መልሰው ሊያወጡት ቢሞክሩ እምቢ አለ። ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። ከዚያ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተከሉት። ያ ታካሚ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው ኢምፕላንት በልቶ እ.ኤ.አ. በ2006 አረፈ። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢያውቁት ኖሮ ሳይጠቅሱት አያልፉም ነበር።

የአንድ ሰው ዕድል ግን የሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ያጠቃለለ ሥራ ታትሞ ነበር። እዚያ ላይ ከ10 ዓመት በኋላ በቦታቸው የነበሩት በአንድ ኢምፕላንት ላይ የተሠሩ ክራውኖች 89 በመቶ ያህል ናቸው። በተፈጥሮ ጥርስ ላይ የተሠሩ ብሪጆችስ? እነሱም 89 በመቶ ያህል። ጊዜው አልፎበታል የተባለው ብሪጅ ማለት ነው! በ5 ዓመት ውስጥ የገጠመውን ጣጣ ካየን ደግሞ በኢምፕላንት ላይ የተሠራ ብሪጅ 39 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በጥርስ ላይ የተሠራው 16 በመቶ ገደማ ነው። ጣጣ ማለት ሁልጊዜ መውደቅ ማለት አይደለም። ብሎን ይላላል፣ ሴራሚኩ ይሸረፋል፣ ድዱ ያብጣል። ግን እያንዳንዱ ሐኪም ጋ ያስኬዳል፤ ያስከፍላልም።

«ቲታኒየም አይበሰብስም» ይላሉ ጸሐፊው። ትክክል ነው፣ አይቦረቦርም። ዙሪያውን የያዘው ድድና አጥንት ግን ሥጋ ነው። ሳይጸዳ ሲቀር ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል፣ መግል ይይዛል፣ አጥንቱ እየሸሸ ይሄዳል። ክፋቱ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በድድ በሽታ ጥርሱን ያጣ ሰው ድዱን ሳይታከም ኢምፕላንት ቢያስተክል ያው በሽታ ይጠብቀዋል። ለሚያጨስ ሰውና ስኳሩ ላልተስተካከለ ሰው አደጋው ከፍ ይላል። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ፣ መንጋጋቸው አካባቢ የጨረር ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ለልጆችም ቢሆን እድገታቸው ሳያልቅ አይተከልም። ኢምፕላንቱ ከአጥንቱ ጋር ስለተጣበቀ ሌሎቹ ጥርሶች ከመንጋጋው ጋር አብረው ሲያድጉ እሱ ባለበት ይቀራል፤ ፈገግ ሲሉ አጥሮ ይታያል።

አሁን ብሪጅ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬም ስለሆነ።

ጸሐፊው ብሪጅ ደህና ጥርሶችን ይገድላል ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። በተለመደው ብሪጅ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ክራውን ይለብሳሉ፤ የወለቀው ጥርስ መሐላቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይሠራል። የሚሞረደው ቀላል አይደለም፤ ሴራሚክ ለሚለብስ ጥርስ ከሚታየው ክፍል ግማሽ በላይ ሊሄድ ይችላል። ምንም ያልነካቸው፣ ሙሌት እንኳ የማያውቁ ሁለት ጥርሶች ለአንድ ክፍተት ሲባል ጉቶ ሆነው ልካቸው ሲመጣልኝ ደስ አይለኝም። ከእነሱ አንዱ ከዓመታት በኋላ ነርቩ ሊታመም ይችላል። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ሌላ ልክ ደግሞ ይመጣል። ግራው ጥርስ ግማሹ ሙሌት ነው፤ ቀኙ ሩት ካናል ተሠርቶለት ክራውን እየጠበቀ ነው። እነዚህ ጥርሶች ክፍተት ባይኖርም ክራውን ያስፈልጋቸው ነበር። እዚህ ቦታ ሦስቱንም ባንድ ብሪጅ መጨረስ ምኑ ላይ ነው ኋላ ቀርነቱ? ቀዶ ሕክምና የለውም፣ ወራት አያስጠብቅም። ጎን ያሉት ጥርሶች ሁኔታ ነው መልሱን የቀየረው፤ ክፍተቱ ያው ክፍተት ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ሌላ የብሪጅ ዓይነትም አለ። በማጣበቂያ የሚያዝ ብሪጅ ነው። ምትኩ ጥርስ ከጀርባው አንድ ቀጭን ክንፍ አለው፤ ክንፉ ከአንድ ጎረቤት ጥርስ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ጎረቤቱ እምብዛም አይሞረድም። በተለይ ለፊት ጥርስ፣ በተለይ ገና ኢምፕላንት ለማይፈቀድለት ልጅ በጣም ጥሩ ነው። ድሮ በሁለት ክንፍ ግራና ቀኝ ይለጠፍ ነበር። አንዱ ክንፍ ሲላቀቅ ሌላው ይዞት ይቆይና ከላላው ሥር ጥርሱ ሳይታወቅ ይቦረቦር ነበር። በአንድ ክንፍ መሥራቱ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ቢላቀቅ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ ተመልሶ ይለጠፋል። ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ የወለቀበት የ15 ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሐኪማችሁን ስለዚህ ጠይቁ።

ብሪጅ ያሠራ ሰው ግን ከሥሩ ማጽዳት አለበት። ብሩሽ ብቻውን እዚያ አይደርስም። ለዚሁ የተሠራ ክር ወይም ትንሽ የጥርስ መሐል ብሩሽ አለ። መፋቂያም ለሚታየው የጥርስ ገጽ ጥሩ ነው፤ ከብሪጅ ሥር ግን አይገባም።

ቀለም ላይም አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉ ባያነሳውም። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ምልክት አለ። የፋብሪካው የቀለም መምረጫ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም የለም። ለአንድ የፊት ጥርስ ብላችሁ «ነጭ አድርገው» ብትሉኝ አደርገዋለሁ፤ ግን ከሩቅ የሚጣራ ጥርስ ይሆናል። በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ ከልኩ ጋር እንዲላክ ጠይቁ። ምልክቱን በእጅ መሳል ይቻላል።

ተነቃይ ጥርስ የሽማግሌና የድሃ ነው መባሉን በአጭሩ ልለፈው። ኢምፕላንት አስተክለው የፊት ጥርሳቸው እስኪደርስ ድረስ ተነቃይ አድርገው ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ድሃም ሽማግሌም አይደሉም። እዚህም እዚያም ብዙ ጥርስ ለወለቀበት ሰው ደግሞ በአንድ ሥራ ሁሉንም የሚሞላለት እሱ ነው። ሌላ ጥርስ ቢነቀል ይጨመርበታል። ከፕላስቲኩ ይልቅ በኮባልት ክሮም ብረት የሚሠራው ቀጠን ያለ ነው፤ በደንብ ከተነደፈም ድድ ላይ ሳይሆን ጥርስ ላይ ይደገፋል። እንከን አለው፣ አልክድም። የቆሎ ገለባ ከሥሩ ሲገባ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያደረገው ያውቃል። ማታ አውልቃችሁ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። የፈላ ውሃ ግን ያጣምመዋል። ሲሰበር ደግሞ እባካችሁ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት። ቁርጥራጩን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አምጡልን። አጣምማችሁ ከለጠፋችሁት እሱን ከማስተካከል አዲስ መሥራት ይቀለናል።

ዋጋን በተመለከተ ጸሐፊው ሦስት ክራውን ያለውን ብሪጅ ከአንድ ኢምፕላንት ጋር አነጻጽረው ልዩነቱ ትንሽ ነው ይላሉ። ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። «ኢምፕላንት ይህን ያህል ነው» ስትባሉ ዋጋው ምን ምን እንደያዘ ጠይቁ። አጥንት ውስጥ የሚገባው ብሎን ብቻ ሊሆን ይችላል። በላዩ ብሎኑን ከክራውኑ የሚያያይዘው ማገናኛ አለ፣ ክራውኑ አለ፣ ልዩው ራጅ አለ፣ አጥንት መጨመር ካስፈለገ እሱ አለ። ሁሉም ባንድ ወረቀት ይጻፍላችሁ። ለብሪጁም እንዲሁ፤ በነጠላ ጥርስ የተነገረን ዋጋ በሦስት ማባዛት እንዳትረሱ።

ማን ይከፍላል የሚለውም እንደየአገሩ ነው። እዚህ አገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆቻችሁ መደበኛው ሜዲኬር (የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን) ይከፍልላቸዋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ በግል የሚገዛ የጥርስ መድን ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት የወለቀን ጥርስ አልከፍልም የሚል አንቀጽ ሊኖረው ስለሚችል አንብቡት። ጀርመን ያላችሁ የተሻለ ዕድል አላችሁ። የመንግሥት ጤና መድኑ ለክፍተቱ ከተለመደው ሕክምና ዋጋ 60 በመቶ ይሰጣል። በየዓመቱ ታይታችሁ የጥርስ ምርመራ ደብተራችሁን ካስመታችሁ ከ5 ዓመት በኋላ 70፣ ከ10 ዓመት በኋላ 75 በመቶ ይሆናል። ኢምፕላንት ብትመርጡም የሚሰጣችሁ ያንኑ ነው፤ ቀሪው ከኪሳችሁ ነው።

በመጨረሻ ለእረፍት ስለመጣው ሰው። በሁለት ሳምንት ጨርሶ ይመለሳል የሚለውን ያነበበ ሰው ቲኬቱን ሳይቆርጥ በፊት ይህን ይወቅ። አጥንት ከኢምፕላንት ጋር ለመያያዝ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። አጥንቱ ጥሩ ሆኖ ብሎኑ ጠብቆ ሲገባ በዕለቱ ጊዜያዊ ጥርስ ማድረግ ይቻላል። እሱ ግን ለመታያ ነው፣ ጥሬ ሥጋ አይጎተትበትም። ዋናው ክራውን በኋላ ነው የሚመጣው። ይህ ሁለት ጉዞ ነው፤ ወይም ብሎኑን እዚህ፣ ክራውኑን በምትኖሩበት አገር ማለት ነው። ብሪጅ ከሆነ ሁለት ሳምንት ይበቃል።

ብሎኑን አስተክላችሁ የምትመለሱ ከሆነ የኢምፕላንቱን ካርድ ሳትይዙ አትውጡ። የአምራቹ ስም፣ የብሎኑ ውፍረትና ርዝመት፣ መለያ ቁጥሩ የተለጠፈበት ካርድ ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱ መፍቻና የራሱ ማገናኛ አለው። ካርዱ ከሌለ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለው ሐኪም ከራጁ ተነሥቶ የማን ሥሪት እንደሆነ ሊገምት ነው፤ ባይሆንለት ብሎኑ ደህና ሆኖ ሳለ ክራውን የሚሠራበት ሰው ታጣላችሁ። ክራውኑ እዚህ የሚያልቅ ከሆነም በሲሚንቶ ከሚጣበቅ በብሎን የሚታሰረውን ጠይቁ፤ ሌላ አገር ያለ ሐኪም ሳይሰብረው ፈትቶ ሊያየው ይችላል። ካርዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና አንዱን ለቤተሰብ ላኩ።